ልጃችን በ12ኛው ቀን ጡት እንቢ አለ፤ በአንጎሉ የተገኘው «ምች» የምንለው ቫይረስ ነበር

የአባይ ዳር አባት (ባሕር ዳር) | ሰኞ ምሽት 2፡40

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ምክር ለመጠየቅም፣ ያየሁትን ለሌላ ወላጅ ለማካፈልም ነው። ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ጊዜውን ጠብቆ፣ በምጥ፣ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ሆኖ ተወለደ። በማግሥቱ ወደ ቤት ገባን። አራስ ቤቱ እንደ ወጉ ሞላ፤ ገንፎው ተገነፋ፣ አጥሚቱ ተጠጣ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከደጃችን አልጠፋም። ልጁ እስከ 11ኛው ቀን ድረስ በደንብ የሚጠባና የሚተኛ ሕጻን ነበር። በ12ኛው ቀን ጠዋት ጡት ሲሰጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ተወው። እናቱ «ጠግቦ ይሆናል» አለች። ቀኑን ሙሉ ተኛ፤ ካልቀሰቀስነው የማይነቃ ሆነ፤ ስንቀሰቅሰውም የሚያሰማው ጩኸት ቀጭንና ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀው ነበር። ሰውነቱ ስላልጋለ እኔ በዚያ ተጽናናሁ። አመሻሹ ላይ የወሰድንበት ቦታ «የሆድ ቁርጠት ነው» ተብለን ተመለስን።

ሌሊት የግራ እጁ ጣቶች በአንድ ምት ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጣቶቹን ጨብጬ ለማቆም ብሞክርም በእጄ ውስጥ ሆነው መንቀጥቀጣቸውን ቀጠሉ። አፉ ባዶ ሆኖ ሳለ ከንፈሮቹ እንደሚጠባ ልጅ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። በደሙ ያለውን ስኳር ለኩ፣ ለመንቀጥቀጡ መድኃኒት ሰጡ፣ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ጀመሩለት። ከዚያም ሐኪሟ ከጀርባው ፈሳሽ መውሰድ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። እኔ እንቢ አልሁ። «ከጀርባው ውኃ የተቀዳ ልጅ ቆሞ አይሄድም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሐኪሟ ሳትቆጣ ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ፈረምሁ። አራት ሰዓት ያህል አስጠብቄያቸዋለሁ፤ ያ አራት ሰዓት እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በፈሳሹ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ተገኙ፤ በባክቴሪያ ጊዜ የሚበዙት ዓይነት ግን አልነበሩም። ሐኪሟ «ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ልጁን ስሞት ያውቃል?» ብላ ስትጠይቅ እኔና ባለቤቴ ተያየን። የባለቤቴ አክስት በ4ኛው ቀን ምች መትቷቸው፣ ከንፈራቸው ቆስሎ መጥተው ልጁን አቅፈው ስመውት ነበር። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በዚያው ዕለት በደም ሥሩ ተጀመረለት፤ 21 ቀንም ተኛን። ወደ ሌላ ቦታ የተላከው የጀርባ ፈሳሽ ውጤትም ቆይቶ መጣና ሄርፒስ መሆኑ ተረጋገጠ። አሁን ልጁ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ይስቃል፣ አንገቱን ችሏል፤ የግራ እጁ ግን ከቀኙ ይልቅ ይሰንፋል። በቀን ሦስት ጊዜ የአሲክሎቪር ሽሮፕ እንሰጠዋለን።

ልጠይቅ የምፈልገው፣ ምች የምንለውና ይህ ቫይረስ በእርግጥ አንድ ናቸው ወይ? ደግሞስ ከአክስታችን እንደ ያዘው እንዴት ይታወቃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ አኩርፏቸዋል፤ እሳቸውም ደጃችንን አይረግጡም።

---

የዳማ ከሴ ልጅ (ደብረ ታቦር) | ሰኞ ምሽት 3፡25

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ልጁን ያሳድግልህ። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ምች ከፀሐይ እንደሚመጣ ከእናቴም ከአያቴም የተማርሁት ነው። ላብ አልቦት ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመታዋል፣ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይጠጣል፣ ያልፋል። አያቴ ጓሮ የነበረው ዳማ ከሴ ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ነበር። በፀሐይ የመጣ ሕመም በመሳም ወደ ሕጻን አንጎል ገባ ሲባል ለመቀበል ይከብደኛል። ባለሙያ ካለ በግልጽ ያስረዳን።

---

የሕጻናት ሐኪም (ባሕር ዳር) | ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ከሥራ በፊት ያለኝን ጊዜ ተጠቅሜ ልመልስ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው።

በአማርኛ ምች የምንለው ስም ብዙ ነገር ያቅፋል። ከፀሐይ በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና ራስ ምታትም ምች ይባላል፤ በከንፈር ጥግ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ ቆይቶ የሚፈነዳውና ቅርፊት የሚሠራው ቁስልም ምች ይባላል። ይህ የከንፈር ቁስል በአብዛኛው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 የተባለው ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይይዘንና ከፊት ነርቭ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ ይተኛል። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይህን ቫይረስ ይዞ ይኖራል። የተኛውን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ደግሞ ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም ይገኙበታል። ስለዚህ የአያትዎ ትዝብት ትክክል ነበር፤ ፀሐይዋ የተኛውን አስነሥታዋለች፣ ሕመሙ ግን ከሰው ወደ ሰው በምራቅና በቁስሉ ንክኪ የተላለፈ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል። ገና አንድ ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን መከላከያው ስላልጠነከረ፣ ያው ቫይረስ በነርቭ ወይም በደም ተጉዞ አንጎሉ ሊደርስ ይችላል።

በጨቅላ ላይ የሚታየው ሄርፒስ በሦስት መልክ ይመጣል። በቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ብቻ ተወስኖ የሚቀረው ወደ ግማሽ ለሚጠጉት ነው። ከሦስቱ አንድ ያህሉ እንደ እርስዎ ልጅ አንጎሉ ይያዛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይገለጣል። የቀሩት ላይ ጉበትንና ሳንባን ጨምሮ በመላው ሰውነት ይሠራጫል፤ ከሁሉ የሚከፋውም እርሱ ነው። ወላጆች እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር ቢኖር አንጎላቸው ከተያዘው ልጆች ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ቆዳቸው ላይ አንድም ሽፍታ የማይታይባቸው መሆናቸውን ነው። ትኩሳትም ላይኖር ይችላል፤ እንዲያውም የአንዳንዱ ሰውነት ይቀዘቅዛል። «ሽፍታ የለውም፣ አልጋለም» ብሎ መጽናናት እንደማይገባ የእርስዎ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

ስለ አክስትዎ ግን ላስቆምዎት እወዳለሁ። ጨቅላ ሕጻናት ሄርፒስ ከሚይዛቸው 100 ጊዜ 85 ያህሉ በወሊድ ሰዓት ከእናት ብልት የሚተላለፍ ነው፤ ወደ 10 የሚሆነው ከወሊድ በኋላ በመሳምና በንክኪ፣ 5 ያህሉ ደግሞ በማሕፀን ሳለ ነው። ልጃቸው ከታመመባቸው እናቶች አብዛኞቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው ጨርሶ አያውቁም፤ ቁስልም አይተው አያውቁም። አደጋው የሚያይለው እናትየዋ በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው፤ ምክንያቱም ለልጁ የምታስተላልፈውን መከላከያ ሰውነቷ ገና አልሠራም። ከዚያ ቀደም የያዛትና የተመላለሰባት ከሆነ ልጁ የመያዙ ዕድል ከ100 ሁለት አይበልጥም። ይህን የምለው ጥፋቱን ከአክስትየዋ አንሥቼ በባለቤትዎ ላይ ለመጫን አይደለም። ምንጩን ከታሪኩ ብቻ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ከመካከላችሁም አውቆ የበደለ ማንም የለም።

---

የአባይ ዳር አባት | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ዶክተር፣ ይህን ለባለቤቴ አነበብሁላት። አልቅሳለች። ሐኪሟ ያን ጥያቄ ስትጠይቀን መልሱን አገኘን ብለን ስለ ደመደምን፣ ሌላ መንገድ ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

---

አዋላጅ ነርስ (ከሐይቁ ዳር) | ማክሰኞ ቀትር 6፡15

እኔ የምሠራው በጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። አንዳንዶቹ እናቶቻችን ወደ እኛ የሚመጡት በጀልባ ነው፤ ከእኛ ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ሕጻንም ብዙ ጊዜ በጀልባ ይሻገራል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባ ነጂው እስከ ነገ ጠብቁ ይላል። ለዚህ ነው «ጠዋት ላይ ጡት እንቢ ያለ ልጅ ማታ ድረስ አይጠበቅ» እያልሁ ሁልጊዜ የማስተምረው። የአባትየውን ጽሑፍ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የተሰማኝ ያ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ለእናቶች የምነግራቸው ምልክት ጥቂት ነው። ልጁ እንደ ወትሮው ካልጠባ፣ እየቀሰቀሱት የማይነቃ ከሆነ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም በመሐል እየቆመ ከሄደ፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ከቀረ፣ እግሩ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ከተንቀሳቀሰ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም። ጨቅላ እንደ ትልቅ ልጅ ተንፈራግጦ አይወድቅም፤ የእርሱ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ዝም ያለ ነው። አባትየው የልጁን ጣቶች ጨብጠው አለመቆማቸውን ማስተዋላቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ጤነኛ ሕጻን በብርድ ወይም በድንጋጤ ሲንቀጠቀጥ እጁን ሲይዙለት ይቆማል፤ የአንጎል ሕመም ያመጣው መንቀጥቀጥ ግን ቢይዙትም ይቀጥላል።

እኛ ዘንድ ሲመጡ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ለመለየት አንችልም፤ አንሞክርምም። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የመጀመሪያውን መጠን ወግተን፣ መጥባት ከቻለ እያጠባች፣ ካልቻለ የታለበ የእናት ጡት በጥንቃቄ እየተሰጠው፣ ገላው በእናቱ ደረት ላይ ተጣብቆ እንዲሞቅ አድርገን እንልካለን። በመንገድ ላይ ብርድና የስኳር ማነስ ከበሽታው ባላነሰ ይጎዱታል።

ስለ መሳም የአካባቢያችንን ወግ ልጥቀስ። እናቶቻችን ጨቅላውን ዓይን እንዳይበላው ብለው በነጠላ ይሸፍኑታል፣ ባዕድ ሰው ሁሉ ገልጦ እንዲያየው አይፈቅዱም። እኔ ይህን ወግ አልነቅፍም፤ «ከንፈሩ የቆሰለ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ተቅማጥ ያመመውም አይንካው» ብዬ እጨምርበታለሁ። አያቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል፤ የሚያውቁትን ነገር እያጸናሁላቸው ነውና። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንዱ 40 ለሴቷ 80 ቀን፣ ሰው ጨቅላውን ከመሳም ቢቆጠብ ማንንም ቅር የማያሰኝ ምክንያት ይሆናል። በአንጻሩ ለአዲስ ልጅ ጥሬ ቅቤ ማላስን፣ እንጥል ማስቆረጥን፣ «ሰው በልቶት ነው» ብሎ ቀን መቁጠርን ሳልፈራ እቃወማለሁ። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብንም ቢሆን «መጀመሪያ መርፌውን፣ ጠበሉም ይደርሳል» እላለሁ፤ ያነጋገርኋቸው ካህናትም ይህን አልተቃወሙኝም።

---

ጥያቄ ያላት እናት (ባሕር ዳር) | ማክሰኞ ምሽት 1፡05

ከጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድ በእውነት ጉዳት የለውም? እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ፈርታ ልጇን ይዛ ከሆስፒታል ወጥታለች። ልጁ ተርፏል፤ ዛሬ ግን በተደጋጋሚ የሚጥል በሽታ አለበት። መጥፎ ምክር ከሰጧት ሰዎች አንዷ እኔ ስለሆንሁ እጠይቃለሁ።

---

የላብራቶሪ ባለሙያ | ማክሰኞ ምሽት 3፡10

እህቴ፣ ጥያቄዎ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚወጣው ነው። መርፌው የሚገባው ከወገብ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። በጨቅላ ሕጻን ዋናው የጀርባ ነርቭ ከዚያ ከፍ ብሎ ያልቃል፤ ከታች ያለው በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ የነርቭ ጭራ ስለሆነ መርፌው ሲመጣ ገለል ይላል። የሚወሰደውም ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሰውነቱ በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። «የተቀዳለት ልጅ አልሄደም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ራሱ አንጎሉን ጎድቶት ነው። ምርመራው የሚታዘዘው በጠና ለታመመ ልጅ ስለሆነ ሰው ውጤቱን ከመርፌው ጋር ያያይዘዋል።

በእኛ በኩል ፈሳሹ ሲደርስ የምናየው ሕዋሱን፣ ስኳሩንና ፕሮቲኑን ነው፤ ባክቴሪያ ካለበት እንዲታይም ናሙናውን በቀለም እንነክራለን፣ ባክቴሪያውንም ለማሳደግ እንሞክራለን። ጤነኛ ጨቅላ ከትልቅ ሰው የበለጠ ሕዋስና ፕሮቲን በፈሳሹ ውስጥ ስላለው ቁጥሩን በትልቅ ሰው መለኪያ ማንበብ ስሕተት ነው። ሁለት ነገር ያስቸግረናል። አንደኛው፣ መርፌው ደም ሥር ነክቶ ፈሳሹ ደም ሲቀላቀልበት ቆጠራው ይዛባል። ሁለተኛው፣ ፓሬኮ ቫይረስ የሚባለው ተሕዋስ አንጎሉን ይዞት ሳለ በፈሳሹ ውስጥ አንድም የበዛ ሕዋስ ላይገኝ ይችላል፤ ያለ ፒ ሲ አር (የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ፈልጎ የሚያገኝ) ምርመራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሄርፒስም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመረመር ፒ ሲ አሩ ነጻ ሊል ይችላል፤ ምልክቱ የሚያሳስብ ከሆነ ፈሳሹ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይወሰዳል፣ መድኃኒቱም እስከዚያ አይቋረጥም። በ21ኛው ቀን ሕክምናው ከማለቁ በፊትም ቫይረሱ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ዳግም መውሰድ ይመከራል። ፒ ሲ አር በየሆስፒታሉ ስለማይሠራ ናሙናው ተጠብቆ ይላካል፤ መድኃኒቱ ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ መጀመር አለበት። የዚህ ልጅ ሐኪም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

---

በወረዳ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም | ረቡዕ ጠዋት 2፡20

ውይይቱን በአክብሮት እየተከታተልሁ ነው፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። ይህን ያነበበ ወላጅ ሁሉ «ልጄ ሄርፒስ ነው» ብሎ አሲክሎቪር ሊጠይቅ ይችላል። እኛ ጋ በጠና ታሞ የሚመጣ ጨቅላ በብዛት የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ ሲወለድ የታፈነ ወይም ስኳሩ የወረደ ነው። በዓለም ዙሪያ በጨቅላ ላይ የሚከሠተው ሄርፒስ ከ100,000 ወሊድ ወደ 10 ገደማ ይገመታል። በሐይቁ ዙሪያ ወባ ስላለ እናቲቱ ትኩሳት ነበረባት ወይ ብለን የወባ ምርመራንም አንረሳም። መድኃኒቱም ያለ ጥንቃቄ ቢሰጥ ኩላሊት ይጎዳል። ደግሞም በደም ሥር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የለንም፤ እንክብሉን አድቅቆ በአፍ መስጠት ይቻላል ወይ ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ።

---

የሕጻናት ሐኪም | ረቡዕ ምሽት 2፡45

የወረዳው ባልደረባዬ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ለእያንዳንዱ የታመመ ጨቅላ አሲክሎቪር ይሰጥ የሚል አቋም የለኝም። የባክቴሪያው መድኃኒት ሁልጊዜ ይቅደም። እኔ አሲክሎቪር የምጨምረው መንቀጥቀጥ ሲኖር፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ስመለከት፣ የጀርባ ፈሳሹ ሕዋስ በዝቶበት ባክቴሪያ ሲታጣ፣ የጉበት ምርመራው ያለ ምክንያት ከፍ ሲል፣ ወይም ልጁ በፀረ ባክቴሪያ ሁለት ቀን ታክሞ እየባሰበት ሲሄድ ነው። እነዚህ ባሉበት ግን ሕመሙ ብርቅ ነው ተብሎ መጠበቅ አይገባም፤ የብርቅነቱ ቁጥር በፊቴ ለተኛው ልጅ ምንም አይፈይድለትም።

እንክብልን አድቅቆ በአፍ መስጠትን በጥብቅ እቃወማለሁ። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው የመድኃኒቱ ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሆነ አንጎል ውስጥ የሚያስፈልገው መጠን ጋ አይደርስም፤ ቤተሰቡም «መድኃኒት እየወሰደ ነው» ብሎ ይዘናጋል። በደም ሥር የሚሰጠው መጠን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ በየ8 ሰዓቱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ነው። ልጁ በቂ ፈሳሽ እንዲያገኝ ማድረግ፣ የኩላሊቱን ሥራና የነጭ ደም ሕዋሱን ቁጥር መከታተል ያስፈልጋል። በቆዳ ብቻ ለተወሰነው 14 ቀን፣ ለአንጎልና ለተሠራጨው ቢያንስ 21 ቀን። መድኃኒቱ ከሌለ ልጁ ወደ አለበት ይላክ፤ ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የጨቅላ ሕጻናት ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከመላኩ በፊት ስልክ ደውሎ መድኃኒቱ መኖሩን ማረጋገጥ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ስለዚህ መድኃኒት ሳስብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር አለ። አሲክሎቪር ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ተኝቶ ያልፋል፤ የሚነቃው ቫይረሱ ራሱ በሚሠራው ኢንዛይም ነው። በዚህ ምርምር ከተሳተፉት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን በ1988 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች። መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አንጎላቸው ከተያዘው ጨቅላዎች ግማሾቹ፣ በመላ ሰውነት ከተሠራጨባቸው ደግሞ ከ100 ወደ 85 የሚጠጉት ይሞቱ ነበር። ዛሬ በከፍተኛው መጠን ለ21 ቀን የታከሙት ሞት በአንጎሉ ዓይነት ወደ 4፣ በተሠራጨው ወደ 29 ከመቶ ወርዷል። ሞቱ ወረደ እንጂ ጉዳቱ አልጠፋም፤ አንጎላቸው ከተያዘው መካከል ብዙዎች የእድገት መዘግየት ወይም የሚጥል በሽታ ይቀርባቸዋል። የጉዳቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው መድኃኒቱ በተጀመረበት ሰዓት ነው።

የሽሮፑን ነገርም ልጨምር። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት አንጎላቸው የተያዘ ልጆች ከ21 ቀኑ በኋላ በአፍ የሚወሰደውን አሲክሎቪር ለ6 ወር ሲቀጥሉ ምን እንደሚሆን ተመልክቷል። በአንድ ዓመታቸው ሲለኩ ከወሰዱት 69 ከመቶው፣ ካልወሰዱት 33 ከመቶው እድገታቸው ደኅና ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አባት ሆይ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ማጠጣቱ ቢያሰለችም አይተውት።

---

የሁለት ልጆች እናት | ሐሙስ ቀትር 7፡00

የኔ ልጅ ሌላ ቫይረስ ነው የነበረባት። ስትወለድ ትንሽ ነበረች፣ ከሰውነቷ አንጻር ጭንቅላቷ ያነሰ ነበር፣ ሌላ ምንም አላየንባትም። በዓመት ከአራት ወሯ ስንጠራት የማትዞር መሆኗን አየን፤ መስማት የተሳናት መሆኗም ታወቀ። በአንጎል ፎቶዋ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ስለታየ «ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ አሁን ግን ማረጋገጥ አይቻልም» አሉን። ለምን እንደማይቻል አልገባኝም። እርጉዝ ሳለሁ ትልቁ ልጄ መዋዕለ ሕጻናት ጀምሮ ነበር፤ ምናልባት ከእርሱ ይሆን?

---

የሕጻናት ሐኪም | ሐሙስ ምሽት 3፡30

እህቴ፣ ሊሆን ይችላል። ሳይቶሜጋሎ በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ልጁም ሳይታመም ለእናቱ ያቀብላል። ከእናት ወደ ጽንስ ከሚተላለፉት ቫይረሶች ሁሉ የሚበዛው እርሱ ነው፤ በዘር ከሚወረሰው ቀጥሎ ለሕጻናት መስማት አለመቻል ዋናው ምክንያትም ነው። ከተያዙት ልጆች ከአሥር አንዱ ብቻ ሲወለድ ምልክት ያሳያል፤ ሌሎቹ ጤነኛ መስለው ይወጡና ጥቂቶቹ ቆይተው መስማት ይሳናቸዋል። ማረጋገጥ አይቻልም የተባሉት ምርመራው በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ በሽንት ወይም በምራቅ ካልተሠራ ልጅቷ በማሕፀን ይያዛት ወይስ ከተወለደች በኋላ መለየት ስለማይቻል ነው። ምልክት ላሳዩ ልጆች በመጀመሪያው ወር የሚጀመርና 6 ወር የሚዘልቅ መድኃኒት አለ፤ በእርስዎ ልጅ ጊዜው አልፏል። የመስሚያ መሣሪያና የምልክት ቋንቋ ትምህርት ግን ጊዜው አላለፈም፤ ከሦስት ዓመቷ በፊት ቢጀመር በጣም ይጠቅማታል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እናቶች ከትንሽ ልጅ የተረፈ ምግብ ከመብላት፣ በአንድ ማንኪያ ከመጉረስ ተቆጠቡ፤ ልጁን ካጸዳችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጉርሻ ለለመደ ቤት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ኢንቴሮ ቫይረስ የሚባሉት በተቅማጥና በጉንፋን መልክ በትልቅ ሰው ላይ የሚያልፉት ናቸው፤ እናት በወለደች ሰሞን ከታመመች ጨቅላው ላይ አንጎልንና ልብን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ የተለየ መድኃኒት የላቸውም፣ እጅ መታጠብ ነው መከላከያው። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የተባለው ቫይረስ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ በወረርሽኝ መልክ ተከሥቶ ነበር፤ እናትየዋ በምጥ ሰዓት ከታመመች ግማሽ ያህሉ ልጆች ይያዛሉ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አንጎላቸው ይጎዳል።

---

ጥያቄ ያላት እናት | ሐሙስ ምሽት 4፡15

ለእህቴ የላብራቶሪውን ሰው መልስ አነበብሁላት። ልጁን ለሚጥል በሽታው ክትትል በሚቀጥለው ሳምንት አብሬያት ይዘነው እንሄዳለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እኔ ራሴ አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በየዓመቱ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። ስወልድ ቢወጣብኝ ልጄን አላጠባም ማለት ነው?

---

አዋላጅ ነርስ | ዓርብ ጠዋት 1፡10

እህቴ፣ ታጠቢያለሽ። ቁስሉ ከንፈርሽ ላይ ከሆነ ደርቆ እስኪላቀቅ ድረስ አፍሽን በጭምብል ወይም በንጹሕ ነጠላ ሸፍኚ፣ አትሳሚው፣ ልጁን ከመያዝሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በየዓመቱ የሚወጣብሽ ከሆነ በደምሽ ያለው መከላከያ በእትብቱ በኩል ወደ ልጁ ይደርሳል፤ ይህ በመጠኑ ያግዘዋል። ከጡት ማጥባት የሚከለክልሽ ቁስሉ ጡትሽ ላይ ከወጣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ባልቆሰለው በኩል ታጠቢያለሽ። በብልትሽ አካባቢ ቁስል ወይም ማቃጠል ከተሰማሽ ግን ሳታፍሪ ለአዋላጇ ንገሪያት፤ በምጥ ሰዓት ቁስል ካለ በቀዶ ሕክምና መውለድ ሊመከር ይችላል።

---

የአባይ ዳር አባት | ቅዳሜ ምሽት 1፡50

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ልጁን አዝላ አክስቷ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልሁ። ዶክተሩ የጻፉትን የ85ቱንና የ10ሩን ቁጥር አነበብሁላቸው፤ ብዙ አልተናገሩም፤ ልጁን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ባለቤቴ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

አንድ የሚያሳስበኝ ቀረ። ሽሮፑን የምንለካበት መርፌ አልባ ስሪንጅ ላይ የታዘዘልን መጠን የተጻፈው ልጁ 4 ኪሎ ሳለ ነው፤ ዛሬ ሲመዘን 6 ኪሎ ከ800 ግራም ሆኗል። መጠኑ ባለበት ይቀጥላል?

---

የሕጻናት ሐኪም | ቅዳሜ ምሽት 2፡30

አይቀጥልም። መጠኑ የሚሰላው በሰውነቱ ስፋት ስለሆነ በየወሩ ክብደቱና ቁመቱ ተለክቶ መስተካከል አለበት፤ በአሮጌው መጠን ከቀጠለ መድኃኒቱ ያንሰዋል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሚከታተሉበት ክፍል ካርዱንና ስሪንጁን ይዘው ይሂዱ። በራስዎ አይጨምሩ፤ የነጭ ደም ሕዋስ ምርመራውም በዚያው ይሠራለት፤ የግራ እጁን ነገርም ይንገሩና ፊዚዮቴራፒ እንዲጀምርለት ይጠይቁ።